ቁጥርና ሥዕል፤ የግራፍ ታሪክ ከማተሚያ ሰሌዳ እስከ ድረ ገጽ

እንደሚታወቀው፣ ግራፍ በማስተማሪያ መጻሕፍት ውስጥ ሰፊ ሥፍራ ይዞ ይገኛል። ሆኖም ተማሪው ሥዕሉን ሲመለከት፣ ሥዕሉ የተመሠረተበትን ቁጥር መልሶ ሊያገኝ ይችላልን? የሚለው ጥያቄ ብዙ ጊዜ አይነሣም። ይህ አጭር ጽሑፍ ጥያቄውን ከታሪክ አንፃር ለመመርመር ይሞክራል። የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

አኃዛዊ መረጃን በመስመርና በዓምድ የመግለጽ ዘዴ በተለይ ከስኮትላንዳዊው ዊልያም ፕሌይፌር ስም ጋር የተያያዘ ነው። ፕሌይፌር በ1786 ለንደን ላይ ባሳተመው መጽሐፍ የእንግሊዝን የገቢና የወጪ ንግድ በመስመር ግራፍ አቀረበ። ስለ ስኮትላንድ ግን የብዙ ዓመታት መረጃ ስላላገኘ፣ የአንዱን ዓመት ንግድ ብቻ በዓምድ ሥሎ አገርን ከአገር አነጻጸረ። በ1801 ደግሞ ክብ ግራፍን አስተዋወቀ። ፍሎረንስ ናይቲንጌልም በ1858 በክራይሚያ ጦርነት ከቁስል ይልቅ በበሽታ የሞተው ወታደር እንደሚበልጥ በሥዕል አስረዳች። ፈረንሳዊው ሻርል ሚናር በ1869 የናፖሊዮንን የ1812 የሩሲያ ዘመቻ ሲሥል፣ 422,000 የነበረው ሠራዊት ወደ 10,000 ማሽቆልቆሉን እየቀጠነ በሚሄድ መስመር አሳየ፤ ቁጥሮቹንም ከመስመሩ ጎን ጻፈ።

የሚናር ጥንቃቄ ያለ ምክንያት አልነበረም። በማተሚያ ሰሌዳ ላይ የተቀረጸ ግራፍ፣ ቁጥሩ አብሮት ካልተጻፈ፣ ለአንባቢው ግምትን እንጂ ማስረጃን አይተውለትም። ይኸው ችግር ወደ ኮምፒዩተር ዘመንም ተሻገረ። ቲም በርነርስ ሊ በ1989 ሴርን በተባለው የምርምር ተቋም ያቀደው ድር በ1990ዎቹ ሲስፋፋ፣ በድረ ገጽ የሚወጣው ግራፍ በአብዛኛው ከጥቃቅን የቀለም ነጥቦች የተሠራ ነበር። እንዲህ ያለው ሥዕል ሲያጎሉት ይደበዝዛል፤ በውስጡም ነጥብ እንጂ ቁጥርም ሆነ ቃል የለም።

መፍትሔው የመጣው ሥዕልን በጽሑፍ ከመግለጽ ሐሳብ ነው። የድርን ደንቦች የሚያወጣው ደብሊው ስሪ ሲ በ1998 መረጃን በተዋቀረ ጽሑፍ ለማስፈር የሚያገለግለውን ኤክስ ኤም ኤል አጸደቀ። በዚያው ዓመት ማይክሮሶፍትና አዶቤ ከየአጋሮቻቸው ጋር ተፎካካሪ የሥዕል ቋንቋዎችን ለድርጅቱ አቀረቡ። ድርጅቱም አንድ የጋራ ቋንቋ ማዘጋጀትን መርጦ፣ ኤስ ቪ ጂ የተባለውን በ2001 አጸደቀ። ይሁን እንጂ የማይክሮሶፍት የድረ ገጽ ማሳያ ፕሮግራም ቋንቋውን የተቀበለው በ2011 በመሆኑ፣ ሥርጭቱ ለዓመታት ዘግይቷል።

በኤስ ቪ ጂ አንድ ዓምድ የነጥቦች ክምችት አይደለም፤ መነሻው፣ ስፋቱና ቁመቱ በቁጥር የተጻፈ ዓረፍተ ነገር ነው። ስለዚህ ሥዕሉ ቢጎላም ጥራቱ አይጓደልም። በ1999 የጸደቀው ኤክስ ኤስ ኤል ቲ የተባለው የመለወጫ ቋንቋም የተዋቀረ ሠንጠረዥን በቀጥታ ወደ ሥዕል ለመለወጥ ያስችላል፤ በሠንጠረዡ አንድ ቁጥር ሲታረም ለውጡ እንደገና ይካሄድና ሥዕሉም ይታረማል። በዚያው ዓመት የግዕዝ ፊደል በዩኒኮድ ስለተካተተ፣ የአማርኛ መግለጫ በሥዕሉ ውስጥ ሊፈለግና ሊገለበጥ የሚችል ጽሑፍ ሆኖ ይቀመጣል። ለሥዕሉ ርእስና ማብራሪያ የተመደበ ቦታም ስላለ፣ ጽሑፍን በድምፅ የሚያነብ መሣሪያ ለዓይነ ስውሩ ተማሪ ሊያሰማው ይችላል።

ነገር ግን አንድ ነጥብ መዘንጋት የለበትም። በሥዕሉ ውስጥ የሚገኘው ቁጥር በመጀመሪያ ደረጃ የሥዕሉ ልክ እንጂ የጉዳዩ አኃዝ አይደለም። ቁመቱ 120 የሆነ ዓምድ 1,200 ተማሪዎችን ወይም 12 ትምህርት ቤቶችን ሊወክል ይችላል። አዘጋጁ እውነተኛውን አኃዝና መለኪያውን አብሮ ካላሰፈረ፣ አዲሱ ዘዴ የአሮጌውን ሰሌዳ ጉድለት ይደግማል።

ከዚህ ታሪክ ለሥርዓተ ትምህርት ዝግጅት የሚገኘው ትምህርት ግልጽ ነው። ግራፍ የማስረጃ ማቅረቢያ እንጂ የገጽ ማስጌጫ አይደለም። ስለሆነም ተማሪው ከሠንጠረዥ ወደ ሥዕል፣ ከሥዕልም ወደ ሠንጠረዥ መመለስን አጣምሮ ሊማር ይገባል። መልሶ ሊያጣራው የማይችለውን ሥዕል እንዲቀበል የተደረገ ተማሪ፣ ማመንን እንጂ መመርመርን አልተማረም።