ዜና አሪ፦ ከባቢዎች ዘመን እስከ ዞን

በደቡብ ኢትዮጵያ፣ ከጂንካ ሜዳ በላይ፣ የአሪ ሕዝብ የሚኖርበት የባኮና የገዘር ደጋ አለ። እንሰትና ቡና፣ ገብስና ጎደሬ የሚበቅልበት፣ ጎጆ ከጎጆ የተጠጋጋበት አገር ነው። ጃፓናዊው ተመራማሪ ሺጌታ ማሳዮሺ የአሪ ገበሬዎች 78 የእንሰት ዓይነት በየስሙ ለይተው እንደሚያውቁ ጽፏል። እንሰቱን እንዲህ አጥርቶ የሚለየው ገበሬ «የማን ወገን ነህ?» ሲባል የሚሰጠው መልስ ግን እንደ ዘመኑ ሲለዋወጥ ኖሯል። ይህ ዜና የዚያ መልስ ዜና ነው።

በቀደመው ዘመን፣ የምኒልክ ጦር ሳይደርስ፣ በዚህ ደጋ ላይ አንድ ንጉሥ አልነበረም። ባካ የሚባለው አገር ባቢ የሚባል የራሱ ገዢ ነበረው፤ ሻንጋማም የራሱ፤ ሲዳም የራሱ፤ ጋይል፣ ቢዮ፣ ገሊላና ዉባሐመርም እንዲሁ። ባቢው ዳኛም ካህንም ነበረ፤ ዝናቡና አዝመራው የሚለመነው በእርሱ በኩል ነው። ጎድሚ የሚባሉት አገልጋዮቹ ከሥሩ ሆነው ሥርዓቱን ይፈጽማሉ። በባቢና በባቢ መካከል ድንበር አለ፤ በድንበሩም ላይ ጠብ አለ። አነጋገሩ በየአገሩ ቢለያይም ቋንቋቸው አንድ ነው። ይሁንና ቋንቋቸው አንድ ቢሆንም አብረው አይዘምቱም፤ ለአንድ ጌታም አይገብሩም።

ሕዝቡም ላይና ታች ነበረው። ገበሬው ካንፃ ይባላል፤ ሸክላ ሠሪውና ቀጥቃጩ ደግሞ ማና ይባላሉ። ካንፃና ማና አይጋቡም። የውጭ ሊቃውንት ለብዙ ጊዜ «ቀጥቃጮቹ ከሌላ ዘር የተረፉ ይሆናሉ» እያሉ ሲከራከሩ ኖሩ። እ.ኤ.አ. በ2015 የታተመ የዘረመል ጥናት ግን የአሪ ቀጥቃጭና የአሪ ገበሬ ባለፉት 4,500 ዓመታት ውስጥ ከአንድ ምንጭ የተለያዩ መሆናቸውን አሳየ፤ ያራራቃቸው መጠያየፍ እንጂ ባዕድነት አልነበረም። በዚያው ዓመት ሌላ ነገር ተሰማ። በጋሞ ደጋ ከሞታ ዋሻ የተገኘው፣ ከ4,500 ዓመት በፊት የኖረው ሰው ዘረመሉ ሲመረመር ዛሬ በሕይወት ካሉት ሕዝቦች ይበልጥ የቀረበው ለአሪ ሆኖ ተገኘ። እንግዲህ አገሩ ጥንታዊ ነው። ከየባቢው አገር በላይ የሆነው የጋራ ወገንነት ግን አዲስ ነው።

ከደጋው በታች ያሉትም ጎረቤቶች ከዚህ ታሪክ ውጪ አይደሉም። ጀርመናዊው የአንትሮፖሎጂ ሊቅ ኢቮ ሽትሬከርና ባልደረባው ጂን ሊዳል ከ1960ዎቹ መጀመሪያ አንሥቶ በሐመር ተቀምጠው ሲያጠኑ፣ ባልዳምቤ የተባሉት የሐመር ሽማግሌ የአገራቸውን አመጣጥ ነግረዋቸዋል። እንደ ሽማግሌው ነገር፣ የሐመርን ተራራ ከያዙት ሁለት የቢታ (የሥርዓት መሪ) ቤቶች አንዱ የባንኪ ማሮ ቤት ነው፤ የባንኪ ማሮም የመጀመሪያ አባት የመጣው ከአሪ ነው። ዛሬ አሪ በአንድ ዞን፣ ሐመር በሌላ ዞን ተጽፈዋል። የባልዳምቤ ትረካ ይህን ድንበር አያውቀውም።

በ1880 ዓ.ም. ሁለት ሰዎች ከደቡብ ወጥተው ኦሞ ወደሚገባበት ትልቅ ሐይቅ ደረሱ። አንዱ ሃንጋሪያዊው ካውንት ሳሙኤል ቴሌኪ፣ ሁለተኛው የባሕር ኃይል መኮንኑ ሉድቪግ ፎን ሆኔል ናቸው። ሐይቁን በኦስትሪያ አልጋ ወራሽ በሩዶልፍ ስም ጠሩት። እዚህ ላይ ጥቂት እንግባበት። ሆኔል አፉን የፈታው በጀርመንኛ ነው፤ የተወለደው ግን ዛሬ የስሎቫኪያ ዋና ከተማ በሆነችው በፕሬስቡርግ ነው፤ ያገለገለውም የሃብስቡርግን ንጉሠ ነገሥት ነው። እ.ኤ.አ. በ1871 ቢስማርክ የጀርመንን መንግሥት ሲያቆም እንዲህ ያለውን ሰው ከአጥር ውጭ ተወው። ከዚያ በፊት እ.ኤ.አ. በ1815 የተቋቋመው የጀርመን ማኅበር 39 መንግሥታትና ነጻ ከተሞችን ይዞ ነበር፤ የባቫሪያ ገበሬ ባቫሪያዊ፣ የሳክሶኒ ሸማኔ ሳክሶናዊ ነኝ ይል ነበር። «ጀርመናዊ» ማን እንደሆነ የቆረጠው ቋንቋው ብቻ አይደለም፤ የፕሩስያ ጦር፣ የጉምሩክ ኅብረቱና የትምህርት ቤቱ መጽሐፍ ጭምር ነው። የኦሞ አገር ነገር ከዚህ ብዙም የራቀ አይደለም። ልዩነቱ፣ በአሪ ላይ የመጣው ጦር ከራሱ ከአሪ መካከል የወጣ አለመሆኑ ነው።

በዘመነ ማቴዎስ በ1889 ዓ.ም.፣ ከአድዋ ድል በኋላ በዓመቱ፣ ራስ ወልደ ጊዮርጊስ ወደ ከፋ ዘመቱ። በ1890 መባቻ የከፋው ንጉሥ ጋኪ ሸሮቾ ተያዘ። በዚያው ዓመት የራስ ጦር ወደ ደቡብ ወርዶ እስከ ሩዶልፍ ሐይቅ ደረሰ፤ አብሮት የነበረው ሩስያዊው መኮንን ቡላቶቪችም ጉዞውን ጻፈው። የባቢዎቹ አገር በንጉሠ ነገሥቱ እጅ የገባው በእነዚህ ዓመታት ነው። ባቢዎቹ አንድ ሆነው አልተዋጉም፤ አንድ ሆነውም አልገበሩም። በየተራ ተሸነፉ።

ከዚህ በኋላ በባኮ ተራራ ላይ ከተማ ተቆረቆረ፤ ነፍጠኛውም ሰፈረ። ለየወታደሩ እንደ ማዕረጉ ገባር ተቆጠረለት። ገባሩ ያርሳል፣ እንጨት ይለቅማል፣ ማር ይገብራል፣ ጭነት ይሸከማል፤ ሚስቱም ትፈጫለች። ባቢዎቹ «ባላባት» ተብለው በራሳቸው ሰው ላይ ግብር አስገቢ ሆኑ፤ ትናንት ዝናብ የሚለምን ዛሬ የግብር ዕዳ የሚቆጥር ሆነ። ባሪያ ፈንጋዩም ከማጂና ከጊሚራ አልፎ ወደዚህ ደጋ ይመጣ ነበር። ኢትዮጵያ በ1916 ዓ.ም. ወደ መንግሥታቱ ማኅበር ስትገባ ንግዱን የሚከለክል አዋጅ ወጣ። አዋጁ ከአዲስ አበባ ተነሥቶ ባኮ እስኪደርስ ግን ብዙ ሰው ተሽጧል።

የዚህ ጸሐፊ አስተያየት ይህ ነው፦ አሪን አሪ ያደረገው ይህ ዘመን ነው። ነፍጠኛው የባካን ሰው ከሻንጋማ ሰው ለይቶ አላየም፤ ሁሉንም በአንድ ማዋረጃ ስም ጠራቸው፣ በአንድ ቀንበርም ጠመዳቸው። በድንበር ሲጣሉ የነበሩ ሰዎች በባኮ ከተማ ደጃፍ ጭነታቸውን ሲያወርዱ ጎን ለጎን ቆሙ። ስለ አሪ ከጻፉት ሁሉ ጠልቆ የገባው ኤርትራዊው የአንትሮፖሎጂ ሊቅ አሌክሳንደር ናቲ እ.ኤ.አ. በ1992 በስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ ያቀረበው የዶክትሬት ጥናት የአሪን የመገፋትና የእምቢተኝነት ታሪክ የሚመረምር ነው።

በ1928 ዓ.ም. ጣሊያን ገባ። ጣሊያን የገባርን ሥርዓት ሻረ። ይህን ያደረገው ለአሪ አዝኖ አይደለም፤ የነፍጠኛውን ክንድ ለመስበር ነው። ለገባሩ ግን ቀንበሩ ወርዶለታል። ስለዚህ በሸዋና በጎጃም «የጠላት ወረራ» የሚባሉት አምስት ዓመታት በአሪ ሽማግሌዎች ዘንድ በሌላ ድምፅ ይወሱ ነበር። ይህን መስማት የማይወድ አንባቢ ይኖራል፤ ነገር ግን ዜና ጸሐፊ የሚጽፈው የሆነውን ነው።

በ1933 ንጉሠ ነገሥቱ ተመለሱ። አገሩ በጋሞ ጎፋ ጠቅላይ ግዛት ሥር «ገለብና ሐመር ባኮ» የሚባል አውራጃ ሆነ፤ አሪ የሚለው ስም በአውራጃው ስም ውስጥ አልገባም። በኋላም የአውራጃው ከተማ ከባኮ ተራራ ወደ ጂንካ ወረደ፤ አውሮፕላኑም በጂንካ መካከል በሣር ሜዳ ላይ ያርፍ ጀመር። እስከ ዛሬ የጂንካ አውሮፕላን ማረፊያ ዓለም አቀፍ መለያ የተወሰደው ከባኮ ስም ነው።

በ1940ዎቹ ከፍራንክፈርት የፍሮቤኒየስ ተቋም ሊቃውንት መጡ። መሪያቸው አዶልፍ የንሰን ነበር፤ ኋላ ስመ ጥሩ የሆነው አይከ ሃበርላንድም አብሮት ነበር። ሥራቸውም እ.ኤ.አ. በ1959 በጀርመንኛ ታተመ፤ በውስጡ ባካ እንደ ራሱ የቻለ አገር ተጠንቷል። ፍራንክፈርት ራሷ እስከ 1866 እ.ኤ.አ. ነጻ ከተማ ነበረች፤ በዚያ ዓመት ፕሩስያ ዋጠቻት። ከእንዲህ ያለ ከተማ የመጡ ሰዎች ትናንሽ መንግሥታትን አንድ በአንድ መቁጠር ቢያውቁበት አይገርምም።

በዚያው ዘመን ሌላ መንገደኛ መጣ፤ የወላይታ ወንጌላዊ። ጣሊያን በወጣበት ጊዜ በወላይታ በርክቶ የተገኘው የወንጌል አማኝ ልጆቹን በእግር ወደ ጎፋ፣ ወደ ባኮ፣ ወደ ኦሞ ላከ፤ ከእነርሱም ስሙ የታወቀው ማሃይ ጮራሞ ነው። የሱዳን ኢንተሪየር ሚሽንም በባኮ ጣቢያ ከፈተ። የቃለ ሕይወት ቤተ ክርስቲያን በደጋው ላይ ስትስፋፋ አንድ ነገር ተለወጠ፦ መዝሙር የባቢ ድንበር አያግደውም። ከገሊላ የመጣ ሰባኪ በባካ ሲሰብክ በአሪኛ ነው፤ አዲስ ኪዳንም ወደ አሪኛ ተመልሶ ታተመ። ካንፃና ማና በአንድ አግዳሚ ወንበር ተቀመጡ፤ ወደ ጋብቻው ሲመጣ ግን የቀድሞው መራራቅ ቶሎ አልለቀቀም።

በዘመነ ሉቃስ፣ በየካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም.፣ ደርግ የገጠር መሬትን የሕዝብ አደረገ። የባላባቱም የነፍጠኛውም መሬት ለገበሬ ማኅበር ሆነ፤ ዘማች ተማሪዎችም አዋጁን ሊያስረዱ በየገጠሩ ተሰማሩ። በ1971 የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ሲጀመር መጽሐፍ የታተመባቸው ቋንቋዎች ቀስ በቀስ 15 ደረሱ፤ አሪኛ ከእነርሱ መካከል አልነበረም። የአሪ አዛውንት ፊደል የቆጠረው በአማርኛ ነው። በ1975 የብሔረሰቦች ጥናት ኢንስቲትዩት ተቋቋመ፤ በ1980 ዓ.ም. አዲስ የአስተዳደር ክፍፍል ወጣና «ደቡብ ኦሞ» የሚባል አስተዳደር አካባቢ ተወለደ።

በ1983 ኢሕአዴግ ገባ፤ የሽግግር ዘመን ቻርተር ወጣ። በኅዳር 29 ቀን 1987 ሕገ መንግሥቱ ጸደቀ፤ አንቀጽ 39ም ብሔር፣ ብሔረሰብ፣ ሕዝብ ማን እንደሆነ በመለኪያ አስቀመጠ፦ የጋራ ባህል፣ የሚያግባባ ቋንቋ፣ የጋራ ህልውና አለን የሚል እምነት፣ የሥነ ልቦና አንድነት፣ የተያያዘ መልክዓ ምድር። በባቢዎች ዘመን ይህ መለኪያ በደጋው ላይ ቢዘረጋ ቋንቋውና መሬቱ ይሞላሉ፤ እምነቱ ግን ይጎድል ነበር። በ1987 ሁሉም ሞላ። የመሬቱ አዋጅ፣ ቻርተሩና ሕገ መንግሥቱ ሦስቱም የወጡት በዘመነ ሉቃስ ነው። የቀድሞ ጸሐፌ ትእዛዝ ቢሆን ከዚህ ምልክት ያወጣ ነበር፤ እኛ አጋጣሚ ነው ብለን እናልፈዋለን።

የባኮ ገዘር ወረዳም ከጊዜ በኋላ ለሁለት ተከፈለ፤ አንዱ ደቡብ አሪ ተባለ፣ ከተማውም ገዘር ሆነ፤ ሁለተኛው ሰሜን አሪ ተባለ፣ ከተማውም ገሊላ። በአውራጃው ዘመን ያልተጻፈው ስም አሁን በማኅተም ላይ ወጣ። በደቡብ ኦሞ ያን ጊዜ 16 ብሔረሰቦች ይቆጠሩ ነበር፤ ከዞኑ ሕዝብ ግማሽ የሚጠጋው አሪ ነበር፤ በጂንካም ላይ ሙርሲው፣ ባናው፣ ማሌው፣ ሐመሩ በገበያ ቀን ይገናኛል። በከተማይቱም ኮረብታ ላይ፣ በሜይንዝ ዩኒቨርሲቲ መምህር በነበረው በሽትሬከር ጥረት፣ የደቡብ ኦሞ የምርምር ማዕከልና ሙዚየም ተሠራ።

ብዛት ያለው የአሪ ሕዝብ «ለምን የራሴ ዞን የለኝም?» ማለቱ አልቀረም። ጥያቄው ለዓመታት ሲንከባለል ቆይቶ በሚያዝያ 2014 በጂንካና በአካባቢዋ ሁከት ሆነ፤ ቤት ተቃጠለ፣ ንብረት ወደመ፣ ሰው ከቀዬው ተፈናቀለ። ከተፈናቀሉት መካከል አያት ቅድመ አያታቸው በጂንካ የተቀበሩ ነበሩ። የአንዱ ወገንነት ሲጠነክር የሌላው ጎረቤትነት እንዲህ ይፈተናል፤ ለዚህ ጉዳት «የመብት ጥያቄ ነው» የሚለው ቃል ብቻውን በቂ መልስ አይደለም።

በነሐሴ 2015 ዓ.ም.፣ ያም ደግሞ ዘመነ ሉቃስ ነበር፣ የደቡብ ክልል ፈርሶ የደቡብ ኢትዮጵያ ክልል በ12 ዞኖች ተመሠረተ። አሪ ዞን ሆነ፤ ሐመር፣ ዳሰነች፣ ኛንጋቶም፣ ማሌ፣ ሙርሲና ሌሎቹ በደቡብ ኦሞ ዞን ቀሩ። የክልሉ መቀመጫም ለስድስት ከተሞች ተከፋፈለ፦ ሶዶ፣ አርባ ምንጭ፣ ዲላ፣ ሳውላ፣ ካራትና ጂንካ። አሪ አንድ ሆኖ ዞን ሲያገኝ በዞኑ ውስጥ ያሉት ወረዳዎች ደግሞ የጥንቱን ስም ይዘው ብቅ አሉ፤ ከደቡብና ከሰሜን አሪ ሌላ ባካ ዳውላ አሪና ዎባ አሪ የሚባሉ ወረዳዎች አሉ። ባቢዎቹ ሥልጣን ካጡ መቶ ዓመት አልፏል፤ ከአገሮቻቸው ግን ባካና ዉባሐመር የወረዳ ጽሕፈት ቤት፣ በጀትና ማኅተም አግኝተዋል።

በዚሁ በ2015 ዓ.ም. የዲጂታል መታወቂያ አዋጅ ቁጥር 1284 ወጣ። ፋይዳ ለተባለው ለዚህ መታወቂያ የሚመዘገብ ሰው ስሙን፣ የልደት ቀኑን፣ አድራሻውን ይሰጣል፤ አሻራውንና የዓይኑን ብሌን ያስነሣል። የገዘሩ ገበሬም የጂንካው ነጋዴም ብሔራቸው አይጠየቁም።