አንድ ቄሳር፣ ሁለት ፍርስራሾች

ከፍራንክፈርት ሰሜናዊ ዳርቻ፣ ከቦናመስ ተነሥቶ በዩ-2 ባቡር ወደ ባድ ሆምቡርግ የሚያቀና መንገደኛ፣ ከከተማዪቱ በላይ በታውኑስ ተራራ ላይ ዛልቡርግ የተባለውን የሮማውያን ምሽግ ያገኛል። 3.2 ሄክታር ያህል በሚሰፋው በዚህ ምሽግ 500 ገደማ ወታደሮች ሰፍረው፣ 550 ኪሎ ሜትር የሚረዝመውን ሊመስ የተሰኘ የድንበር መስመር ከሚጠብቁት መካከል ነበሩ። በ260 ዓ.ም. ገደማ (ዘመኖቹ ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው) ስፍራው ተለቀቀ። ከዚያ ብዙም ሳይቆይ የአክሱሙ ንጉሥ ኤንዱቢስ በስሙ የወርቅ ሳንቲም ማስቀረጽ ጀመረ።

ጎብኚው ዛሬ የሚያየው ግን ፍርስራሽ አይደለም። ግንቡና በሮቹ በቄሳር ዳግማዊ ዊልሄልም ትእዛዝ ከ1897 እስከ 1907 እንደገና የታነጹ ናቸው። በዋናው በር ፊት የአንቶኒኑስ ፒዩስ ሐውልት ቆሟል፤ የላቲኑ ጽሑፍም የጀርመኖች ንጉሠ ነገሥት ለሮማውያኑ ንጉሠ ነገሥት ያቆመው መሆኑን ይመሰክራል። በ1871 የተመሠረተ መንግሥት ጥንታዊ አባት ፈልጎ ነበር። የጥንቱ ግንብ በነጭ ልስን የተሸፈነ ሲሆን፣ የአሁኑ ድንጋዩ ገጥጦ ይታያል። የታነጸው ሮም ብቻ ሳይሆን የ1900 ጀርመን ምኞትም ነው።

ይኸው ቄሳር በ1906 በኤኖ ሊትማን የተመራውን የጥናት ቡድን ወደ አክሱም ላከ። ከዳግማዊ ምኒልክ ጋር በ1905 የተፈረመውን የንግድና የወዳጅነት ውል ተከትሎ የመጣ ስለነበር፣ እርሱም ከፖለቲካ የጸዳ አልነበረም። ሆኖም ቡድኑ ግንብ አላቆመም፤ ለካ፣ ነደፈ፣ ፎቶግራፍ አነሣ፣ ጽሑፎችን ገለበጠ፤ ውጤቱም በ1913 ታተመ። በኋላ የኢጣልያ ወራሪዎች በተዓካ ማርያም ቤተ መንግሥት ፍርስራሽ ላይ መንገድ ሲያወጡ፣ የሕንጻው ዋነኛ ምስክር ሆኖ የቀረው ያ ንድፍ ነው።

ጥፋቱ የድሃ አገር ዕጣ ብቻ እንዳይመስለን፣ ወደ ቦናመስ ጎረቤት እንመለስ። በ1960ዎቹ የኖርድቬስትሽታት መንደር ሲገነባ፣ ኒዳ የተባለችው የሮማውያን ከተማ አብዛኛው ክፍል በወጉ ሳይጠና ጠፍቷል። ገንዘብም ዕውቀትም ነበረ፤ የጎደለው ቅደም ተከተል ነው።

ዛልቡርግ ሕዝብን ከታሪክ ጋር እንዳስተዋወቀ አልክድም። ነገር ግን ዳግም ግንባታ የሚመልሰው የገንቢውን ጥያቄ ነው፤ መዝገብ ግን ገና ላልተጠየቀውም ጥያቄ ይቆያል። በውጭ የምንኖር ኢትዮጵያውያን ጦርነትና ቸልታ ለጎዷቸው ቅርሶች ገንዘብ ስናዋጣ፣ የምረቃ ሪባን የሚቆረጥለትን ሥራ እናስቀድማለን። ከስሚንቶው በፊት ለልኬቱ፣ ለፎቶግራፉና በአገር ውስጥ ለሚቀመጠው ቅጂ እንክፈል። የፈረሰ ግንብ መዝገብ ካለው ነገም ሊነሣ ይችላል፤ ሳይመዘገብ የጠፋውን ግን ቄሳርም አይመልሰውም።