እረኞቹን ማን ያሳድጋቸው ነበር? ስለ ካህናት አመራር የተደረገ አጭር ጥናት

በአገራችን ስለ ቤተ ክርስቲያን ትምህርት የተጻፈው ጥቂት አይደለም። የንባቡን፥ የዜማውን፥ የቅኔውንና የመጻሕፍቱን ቤት ሥርዐት ብዙዎች መርምረውታል። ነገር ግን ከዚሁ ጋራ መመርመር የሚገባው ሌላ ጥያቄ አለ፤ ይኸውም መንጋ እንዲጠብቅ የተሾመውን ካህን ራሱን ማን ይጠብቀው፥ ማን ይመክረው፥ ሲሳሳትስ ማን ያርመው ነበር የሚለው ነው። ዛሬ ለቤተ ክርስቲያን አገልጋዮች ሥልጠና መስጠት፥ ለመሪዎቻቸውም አማካሪ መመደብ እንደ አዲስ ነገር ሲነገር እንሰማለን። ጉዳዩ ግን በዚህች አገር ከ700 ዓመት የሚበልጥ ታሪክ ያለው ነው፤ ታሪኩም መልካም ብቻ አይደለም። ጥናታችንን በኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን ወስነናል፤ የምንጠቅሳቸው ዓመቶችም በአውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው።

አስቀድመን አንድ ልዩነት እናመልክት። መጽሐፍ ማወቅና ሰው መያዝ በእኛ ቤተ ክርስቲያን ሁለት የተለያዩ ሙያዎች ሆነው ኖረዋል። ደብተራው ዜማውን፥ ቅኔውንና አቋቋሙን ጠንቅቆ ያውቃል፤ ነገር ግን ክህነት ስለሌለው አይቀድስም፥ አያናዝዝም። የነፍስ አባት ሆኖ በየቤቱ የሚገባው፥ ባልና ሚስት የሚያስታርቀው፥ በሞት አልጋ አጠገብ የሚቆመው የአጥቢያው ቄስ ነው። ለዚህ ቄስ ግን ንባብና ቅዳሴ ካወቀ ብዙውን ጊዜ ሌላ ትምህርት አይጠየቅም ነበር። እንግዲህ ዐዋቂው መንጋ የለውም፤ መንጋ ያለው ደግሞ ዐዋቂ እንዲሆን አልተገደደም ማለት ነው። ሁሉ እንዲህ ነበር አንልም፤ ሁለቱን አስተባብረው የያዙ ካህናት በየዘመኑ ነበሩ። ነገር ግን እነዚህ ከየት ወጡ ብለን ስንጠይቅ መልሱ ብዙውን ጊዜ ወደ ገዳም ይመራናል።

ከሁሉ ይልቅ የሚታወቀው ምሳሌ ሐይቅ እስጢፋኖስ ነው። አባ ኢየሱስ ሞዐ በትግራይ በደብረ ዳሞ ከአባ ዮሐኒ እግር ሥር ሆነው ከተማሩና ካገለገሉ በኋላ ወደ ደቡብ ወርደው በ1248 ገደማ በዚህ ገዳም አበ ምኔት ሆኑ። ሐይቅ ያን ጊዜ ደሴት ነበር። በዚያ የተደረገው ነገር ተማሪ ሰብስቦ መጽሐፍ ማስነበብ ብቻ አልነበረም። ደቀ መዝሙሩ «ረድእ» ይባላል፤ ቃሉ በግእዝ ረዳት ማለት ነው። ረድእ የሆነ ሰው ውኃ ይቀዳል፥ እንጨት ይለቅማል፥ ለመምህሩ ይታዘዛል፤ በዚህ ሁሉ መካከል መምህሩ ሲጸልይ፥ ሲቈጣ፥ ሲታገሥ፥ እንግዳ ሲቀበል፥ የተጣሉ ሲያስታርቅ ያያል። መምህሩም በበኩሉ ረድኡን ያየዋል። ይህ ሁለተኛው ነገር ብዙ ጊዜ ይዘነጋል። አንድ ሰው ድምፁ ያማረ፥ ንባቡ የቀና ሆኖ ሳለ ለሰው የማይራራ ሊሆን ይችላል፤ ይህንም አብሮት የሚኖር ካልሆነ ማንም ፈታኝ አያገኝበትም።

አቡነ ተክለ ሃይማኖትም በዚህ መንገድ አለፉ። ገድላቸው እንደሚተርከው በሐይቅ ከአባ ኢየሱስ ሞዐ ዘንድ ወደ 10 ዓመት ያህል ከኖሩ በኋላ ወደ ደብረ ዳሞ ሄደው መምህራቸውን ወዳስተማሩት ወደ አባ ዮሐኒ ገቡ። ከዚያም ወደ ሸዋ ተመልሰው ደብረ አስቦን መሠረቱ፤ እርሱም በ15ኛው መቶ ዓመት ደብረ ሊባኖስ የተባለው ነው። እዚህ ላይ ገድላቱን እንዴት እንደምንይዛቸው መግለጽ ይገባናል። ድርጊቱ ካለፈ ከብዙ ጊዜ በኋላ የተጻፉ፥ ተአምራት የበዛባቸው መጻሕፍት ናቸውና ዓመትና ቍጥር ሲሰጡን እንጠነቀቃለን። ማን ከማን ተማረ፥ ማንስ ከማን እጅ ቆብና አስኬማ ተቀበለ በሚለው ግን ግድ የለሾች አልነበሩም፤ ገዳማቱ በክብር የሚከራከሩት በዚሁ ነገር ነበርና።

የደብረ አስቦ ሦስተኛው አበ ምኔት አቡነ ፊልጶስ ናቸው፤ በእኛ አስተያየት ለተነሣንበት ጥያቄ ከሁሉ የሚበልጠውን ምስክር የምናገኘው በእርሳቸው ዘመን ነው። በ14ኛው መቶ ዓመት የመጀመሪያ አጋማሽ ላይ ከግብፅ የመጡት ጳጳስ አቡነ ያዕቆብ ሸዋንና አካባቢውን ለ12 መምህራን ከፋፍለው «ንቡራነ እድ» አድርገው ሾሟቸው። ንቡረ እድ ማለት እጅ የተጫነበት ማለት ነው። ከእነዚህም መካከል አኖሬዎስ በወረብ፥ አድኃኒ በዳሞት፥ ታዴዎስ በጽላልሽ፥ ቀውስጦስ በማኅግል፥ ሳሙኤል በወገግ ይጠቀሳሉ። ታደሰ ታምራት በ1972 ባሳተሙት የቤተ ክርስቲያንና የመንግሥት ታሪክ ይህን አከፋፈል በሰፊው አትተውታል። ልብ ማለት የሚገባን፥ እነዚህ ሰዎች በአንድ የተክለ ሃይማኖት ቤት ልጅነት የተያያዙ መሆናቸው ነው። እያንዳንዱ በየአገሩ የራሱ ደቀ መዛሙርትና የራሱ መንጋ ነበረው፤ እርሱ ራሱ ግን ዞሮ የሚመለከተው አባት ነበረው። አቡነ ፊልጶስ እንግዲህ የእረኞች እረኛ ነበሩ ማለት ነው።

የዚህ አስተዳደግ ፍሬ የታየው በሰላም ቀን አይደለም። ዐፄ ዓምደ ጽዮን (1314–1344)፥ ከእርሳቸውም በኋላ ልጃቸው ዐፄ ሰይፈ አርዕድ፥ እንደ ቀደሙት ነገሥታት ልማድ ብዙ ሚስቶች ነበሯቸው። አቡነ ያዕቆብና አቡነ ፊልጶስ ለባላገሩ አንድ ሚስት ብቻ ይበቃሃል እያሉ ለንጉሡ ዝም ማለት አልተቻላቸውም። ተገሠጹ፥ ተገረፉ፤ ጳጳሱ ወደ ግብፅ ተመለሱ፥ ፊልጶስም ተግዘው በስደት ሳሉ ዐረፉ። መነኮሳቱም ወደየሩቁ አገር ተበተኑ፤ በተበተኑበትም ማስተማራቸውን አልተዉም። በቤተ መንግሥት ፊት ከሹመትና ከርስት ይልቅ መምህራቸውን መምረጣቸው የሚያስደንቅ ነው። ከመጽሐፍ የተማሩት ሕግ ብቻውን ይህን ያደርግ ነበር ወይ ብለን ስንጠይቅ እንጠራጠራለን፤ ያንኑ ሕግ የሚያውቁ ብዙ የቤተ መንግሥት ካህናት በዚያ ወራት ዝም ብለዋልና።

ዐፄ ዘርአ ያዕቆብ (1434–1468) የካህናቱን ጕዳይ በሌላ መንገድ ሊያቀኑ ሞከሩ። በመጽሐፈ ብርሃን ካህናቱ በቅዳሜና በእሑድ በበዓላትም ቀን ሕዝቡን ሰብስበው እንዲያስተምሩ ያዝዛሉ። ትእዛዙ መልካም ነበር፤ ነገር ግን ከዙፋን የወረደ ትእዛዝ እንጂ ከጎን የቆመ መካሪ አልነበረም።

ከዚህ በኋላ የሆነው የነገሩን ክፉ ጎን ያሳያል። እንደሚታወቀው ቤተ ክርስቲያናችን ጳጳስ የምታገኘው ከእስክንድርያ ነበር፤ ፍትሐ ነገሥትም ኢትዮጵያውያን ከራሳቸው ሊቃውንት መካከል ሊቀ ጳጳስ እንዳይሾሙ ይከለክላል። ክህነት የሚሰጠው እንግዲህ አንድ ሰው ብቻ ነበር፥ እርሱም የውጭ አገር ሰው፥ ቋንቋውን የማያውቅ። የዘርአ ያዕቆብ ጳጳሳት ከሞቱ በኋላ እስከ 1481 ድረስ አገሩ 23 ዓመት ያህል ያለ ጳጳስ ኖረ። በዚህ ዘመን ያረጁት ቀሳውስት ሞቱ፥ የሚተካቸው ጠፋ፥ ቤተ ክርስቲያን ተዘጋ።

ከ1520 እስከ 1526 በኢትዮጵያ የቈየው ፖርቱጋላዊው ቄስ ፍራንሲስኮ አልቫሬዝ፥ በ1540 በታተመው መጽሐፉ፥ ሽማግሌው አቡነ ማርቆስ ክህነት ሲሰጡ ያየውን ጽፎልናል። በሰፊ ሜዳ ድንኳን ተተክሎ፥ ስፍር ቍጥር የሌለው ሰው ተሰብስቦ ነበር። ጳጳሱ በዐረብኛ ተናገሩ፥ አንድ ቄስ ተረጐመላቸው። ሦስት ካህናት መጽሐፍ ይዘው ተቀምጠው እጩዎቹን ይፈትኑ ነበር፤ ፈተናው ግን ሁለት ሦስት ቃል ማንበብ ነበር። ያነበበው በክንዱ ላይ ምልክት ይደረግበትና ያልፋል። በአንድ ቀን ቅስና የተቀበሉት ከ2,000 በላይ ነበሩ። በሌላ ቀን ደግሞ ዲያቆናት ሲሾሙ ገና ጡት ያልተዉ ሕፃናት በአባቶቻቸው እቅፍ ሆነው እያለቀሱ ቀረቡ። አልቫሬዝ ይህንና የዐይነ ስውራንን ቅስና ባየ ጊዜ ተቃወመ፤ የተሰጠውም ምላሽ ጳጳሱ አርጅተዋል፥ ሌላ ጳጳስ መቼ እንደምናገኝ አናውቅም የሚል ነበር።

አልቫሬዝ የራሱን ቤተ ክርስቲያን ሥርዐት መለኪያ አድርጎ የሚመለከት ሰው ነውና ነቀፋውን ሁሉ እንዳለ መቀበል አይገባም። ምላሹ ግን ማንንም ያሳዝናል። ሕፃኑን ያቀረበው አባት ሞኝ አልነበረም፤ የ23ቱን ዓመት ረኃብ የሚያስታውስ ሰው ለዘር የሚሆን እህል እንደሚያስቀምጥ ሁሉ ክህነትን ለልጁ አስቀምጦ ነበር። ችግሩ እጅ የሚጭነው አባት ካህኑን አለማወቁ፥ ካህኑን የሚያውቀው መምህር ደግሞ እጅ ለመጫን ሥልጣን የሌለው መሆኑ ነው። ከደብረ ሊባኖስ የሚሾመው ዕጨጌ ገዳማቱን በመምራት ይህን ክፍተት በከፊል ደፍኖታል፤ ወደ ገጠሩ አጥቢያ ግን እጁ ብዙ አልደረሰም።

ከ1527 እስከ 1543 በነበረው የኢማም አሕመድ ጦርነት ደብረ ሊባኖስ በ1531 ተቃጠለ፤ ሌሎችም ብዙ ገዳማት ጠፉ። ትምህርቱ እንደገና ያበበው በጎንደር ዘመን ነው። ሆኖም ያበበው የጉባኤ ቤቱ ትምህርት ነበር። በቅኔ ቤት ተማሪው ቀን ለብቻው ተቀምጦ ይቈጥራል፥ ከዚያም ቅኔውን ለመምህሩ ይነግራል፤ የኔታም እያንዳንዱን ቃል ይመረምራሉ፥ የሰበረውን ያቃናሉ። ጀማሪዎቹን ደግሞ አስነጋሪው፥ ማለት ከፍ ያለው ተማሪ፥ ይሰማቸዋል፤ እርሱም ሲያርም ይማራል። ሰውን አንድ በአንድ በማረም ረገድ ከዚህ የሚሻል ትምህርት ቤት የትም አገር ብዙ የሚገኝ አይመስለንም። የሚታረመው ግን ቅኔው ነው፤ ኑዛዜ የሚሰማ ጆሮ፥ ለቅሶ ቤት የሚናገር አንደበት በዚያ ጉባኤ አይፈተንም። ቄሱም ቢሆን የራሱ የነፍስ አባት ይኖረዋል፤ ይህ ሥርዐት ከሁሉ ይልቅ ለካህኑ ምክር የተመቸ በሆነ ነበር። ነገር ግን የቄስ የነፍስ አባት የሚሆነው ብዙውን ጊዜ የጎረቤት ቄስ ነው፤ አብሮት የሚቀድስ፥ በድግስ አብሮት የሚቀመጥ፥ አንዳንዴም በመሬት የሚከራከረው ሰው ነውና ተግሣጹ እንዴት እንደሚሆን መገመት አያዳግትም።

በ20ኛው መቶ ዓመት የጵጵስናው ነገር ተለወጠ። በ1929 አራት ኢትዮጵያውያን መነኮሳት በካይሮ ኤጲስ ቆጶሳት ሆኑ፤ በ1951 አቡነ ባስልዮስ የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ሊቀ ጳጳስ፥ በ1959 ደግሞ ፓትርያርክ ሆኑ። ከዚህ ወዲህ ክህነት ለመቀበል የአንድ ሽማግሌ ዕድሜ መቍጠር ቀረ። የቅድስት ሥላሴ መንፈሳዊ ኮሌጅም በ1961 ከአዲሱ የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ ክፍሎች አንዱ ሆነ፤ ደርግ ዘጋው፥ ከደርግ ውድቀት በኋላ እንደገና ተከፈተ። የኮሌጁ ተማሪ ግን ከገጠሩ ቄስ ብዛት ጋራ ሲነጻጸር እጅግ ጥቂት ነው።

በዚህ በኩል ከተደረጉት ሙከራዎች ሁሉ የእኛን ዐይን የሳበው የዝዋዩ ነው። የሸዋው ሊቀ ጳጳስ አቡነ ጎርጎርዮስ በዝዋይ ሐመረ ብርሃን ቅዱስ ገብርኤል ገዳም የካህናት ማሠልጠኛ አቋቁመው፥ ሃይማኖት በሚነቀፍበት በደርግ ዘመን አስተማሩ። በክረምት ወራትም የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ወደዚያው እየወረዱ ከእርሳቸው ይማሩ ነበር። ሊቀ ጳጳሱ በ1990 በመኪና አደጋ ዐረፉ፤ በዝዋይ ከተማሩት ወጣቶች ብዙዎቹ በ1992 ማኅበረ ቅዱሳንን ከመሠረቱት መካከል ናቸው። የማኅበሩ አባላት ግን አብዛኞቹ ካህናት አይደሉም፤ በትምህርት ከብዙ ቀሳውስት የሚበልጡ ሆነው እንደ ቀድሞው ደብተራ በመቅደሱ ደጃፍ ውጪ የቆሙ ናቸው።