ለቤት ኪራይና ለመብራት ማን ይስጠን? ከመዋጮ ታሪካችን



ባለፈው ወር ስብሰባ የቤቱ ባለቤት የላኩልን ደብዳቤ ሲነበብ ቤቱ ጸጥ ማለቱን ሁላችንም እናስታውሳለን። ኪራዩ ጨምሯል። መብራቱም፣ የወረቀትና የቀለሙም ዋጋ፣ የጥበቃው ደመወዝም እንዲሁ። ገሚሶቻችን «መዋጮ እንጨምር» አልን። ገሚሶቻችን ደግሞ «መዋጮ ከጨመርን ጉልት የሚውሉት እህቶቻችን ይቀሩብናል፤ ይልቅ የሚረዳን ድርጅት እንፈልግ» አልን። ሳንስማማ ተለያየን። በሚመጣው ስብሰባ ድምፅ ከመስጠታችን በፊት፣ ከእኛ በፊት የነበሩት ይህን ጥያቄ እንዴት እንዳለፉት ማየት ይጠቅመናል ብለን ይህን ጽፈናል።

ዕድር ከጥንት የነበረ ይመስለናል። የታሪክ አጥኚዎች ግን በስም ዝርዝር፣ በደንብና በወርኃዊ መዋጮ የሚመራውን ዕድር በ20ኛው ክፍለ ዘመን ከከተማ ኑሮ ጋር ያያይዙታል። ከየአገሩ ወደ አዲስ አበባ የገባ ሰው ሲሞት የሚቀብረው ዘመድ በአጠገቡ አልነበረውም። በዚህ ጅማሬ የጉራጌ ተወላጆች ትልቅ ድርሻ እንደነበራቸው ተጽፏል። በጣሊያን ወረራ ዘመንና ከዚያ በኋላም ዕድሮች እየበዙ ሄዱ።

የእነዚያ ዕድሮች መዋጮ ሳንቲም ነበር ብለን እንገረማለን። ሊያስገርመን የሚገባው ግን ሌላ ነው፤ የራሳቸው የዕድሮቹ ወጪ ከምንም የማይቆጠር መሆኑ። ስብሰባው በቤተ ክርስቲያን ቅጥር፣ በዛፍ ጥላ ወይም በአባል ቤት ነው። ዳኛውና ጸሐፊው የሚያገለግሉት በነጻ ነው። የተዋጣው ገንዘብ ለሐዘንተኛው፣ ለድንኳኑና ለአግዳሚው ይውላል። ኪራይ የሚባል ነገር በመዝገባቸው ላይ አይታይም።

የሴቶች ዕድር ደግሞ የራሱ ብልሃት ነበረው። በብዙ ሰፈር እናቶቻችን ከገንዘቡ ጎን እንጀራ፣ ንፍሮና ጉልበት ያዋጡ ነበር፤ ዛሬም ያዋጣሉ። ይህን እንደ ድህነት ምልክት አንየው። የብር አቅም ሲደክም ሳንቲሙ የሚገዛው ያንሳል፤ ሐዘን ቤት የገባ አምስት እንጀራ ግን ያው አምስት እንጀራ ነው። የተቀረው ገንዘብ ድስት፣ ትሪና ብርጭቆ ይገዛበታል። ያ ዕቃ ለሰርግና ለተዝካር ሲከራይ መልሶ ሣጥኑን ይሞላል።

የካቲት 1966 ዓ.ም. ላይ የነዳጅ ዋጋ ጨምሮ የታክሲ ሾፌሮች ሥራ ሲያቆሙ፣ የኑሮ ውድነት መንግሥትን ሊያናጋ እንደሚችል አገር አየ። በዓመቱ፣ በ1967 ዓ.ም.፣ አዋጅ ቁጥር 47 የከተማ ቦታንና ትርፍ ቤትን የመንግሥት አደረገ፤ የዝቅተኛ ቤቶችም ኪራይ ተቀነሰ። ከዚያ ወዲህ የቀበሌ ቤት ወይም አዳራሽ ያገኘ ማኅበር የኪራይን ጉዳይ ለብዙ ዓመት ረሳው።

ርካሽ ጣሪያ ግን ሌላ ዋጋ ያስከፍላል። በ1972 ዓ.ም. የተቋቋመው የአብዮታዊት ኢትዮጵያ ሴቶች ማኅበር፣ አኢሴማ፣ እስከ ቀበሌ ድረስ ተዘረጋ። ብዙ ሴቶች ማንበብና መጻፍ የተማሩትና በአደባባይ መናገር የለመዱት በዚያ ዘመን ነው፤ ይህን መካድ አይገባም። ነገር ግን የሥራ ዕቅዱ የሚመጣው ከላይ ነበር። በ1983 ዓ.ም. ሥርዓቱ ሲወድቅ ማኅበሩም አብሮ ፈረሰ። በዚያው ሰፈር፣ ከዚያው ሴቶች የተውጣጣው ዕድር ግን በማግስቱም ሐዘን ቤት ንፍሮ ይዞ ሄደ።

ከዚያ በኋላ የመጣው የእርዳታ ድርጅቶች ዘመን ነው። ሥልጠና መጣ፣ ፕሮጀክት መጣ፣ ዶላርና ዩሮ መጣ። ፕሮጀክት ግን ዕድሜው ሁለትና ሦስት ዓመት ነው። ለጋሾች ለሥልጠናው በደስታ ይከፍላሉ፤ ሥልጠናው የሚሰጥበት ቤት ኪራይ ላይ ሲደረስ እጃቸው ያጥራል። ኪራይ፣ መብራትና የጸሐፊ ደመወዝ «የአስተዳደር ወጪ» ይባላሉ፤ ያ ስም ደግሞ ሲጠሩት የብክነት ያህል ይሰማል።

ሕጉም ይህን አመለካከት አጠነከረው። በ2001 ዓ.ም. የወጣው የበጎ አድራጎት ድርጅቶችና ማኅበራት አዋጅ ቁጥር 621 የአስተዳደር ወጪን በ30 በመቶ ገደበ። ብዙ ድርጅቶች ያማረሩት በቁጥሩ ብቻ አይደለም፤ የመጓጓዣና የሥልጠና ወጪ ሳይቀር በአስተዳደር መደብ መቆጠሩ ነበር። ያው አዋጅ ከውጭ የሚያገኘው ገቢ ከ10 በመቶ የሚበልጥ ድርጅት በሴቶች መብት ላይ እንዳይሠራ ከለከለ። በ1980ዎቹ መጨረሻ የተመሠረተው የኢትዮጵያ ሴት የሕግ ባለሙያዎች ማኅበር የመብት ሥራውን ላለመተው አገር በቀል ሆኖ ለመቀጠል ወሰነ። የውጭው ገንዘብ ሲቋረጥ አብዛኞቹን ሠራተኞቹን አሰናበተ። ያቆዩት በነጻ ያገለገሉ ሴቶች ናቸው። ዕድርና ዕቁብ ግን ከዚያ አዋጅ ውጪ ስለነበሩ እንደወትሯቸው ቀጠሉ።

በ2011 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 1113 የ10 በመቶውን ገደብ አነሳ። ድርጅቶች ገቢ የሚያስገኝ ሕጋዊ ሥራ እንዲሠሩም በግልጽ ፈቀደ። ለሕዝብ ወይም ለሦስተኛ ወገን ጥቅም በቆሙት ላይ ግን የአስተዳደር ወጪውን ጣሪያ ወደ 20 በመቶ አወረደው። ልብ በሉ፤ ጣሪያው ዝቅ ያለው ኑሮ ሲወደድ ነው። በ2014 ዓ.ም. የአገራችን የዋጋ ንረት ከ30 በመቶ በላይ ነበር። ከሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ጀምሮ የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ፣ 57 ብር ገደማ የነበረው አንድ ዶላር በጥቂት ሳምንታት ከ100 ብር አለፈ። ከውጭ የሚገባው ወረቀትና ቀለም ወዲያው ተከተለው።

እስቲ ሒሳቡን እንየው። ዋጋ በዓመት 30 በመቶ ቢጨምርና እኛ 100 ብር መዋጮአችንን ባንነካው፣ በዓመቱ ያ 100 ብር የሚገዛው ድሮ በ77 ብር የሚገዛውን ነው። መዋጮ አልጨመርንም ስንል ቀንሰናል ማለት ነው። ቀነስን ብሎ ማንም ድምፅ አልሰጠም፤ ነገር ግን ሆነ።

ታዲያ ከዚህ ሁሉ ምን እንያዝ?

አንደኛ፣ የሚረዳን ድርጅት መፈለጉ ነውር የለውም። ማመልከቻውን ስንጽፍ ግን ኪራይን «ልዩ ልዩ ወጪ» በሚል ስር አንደብቀው። በዚህ ቤት ማክሰኞ የሚማሩትን፣ ሐሙስ ቁጠባ የሚያስገቡትን እህቶች ቁጥር ጽፈን፣ ቤቱ ለእያንዳንዱ አገልግሎት ምን ያህል እንደሚያስፈልግ እናሳይ። ለጋሹ አልከፍልም ካለም በግልጽ ይበለን።

ሁለተኛ፣ የተሰጠን ገንዘብ በሩን ከፍቶ የሚያቆየው ዋናው ምሰሶ አይሁን። በተሰጠን ገንዘብ ድስት፣ ወንበርና ድንኳን እንግዛበት፤ እያከራየን ኪራያችንን እንክፈል። እናቶቻችን ያደረጉት ይህንኑ ነው።

ሦስተኛ፣ መዋጮው ይጨምር፤ ግን በየዓመቱ በጥቂት በጥቂቱ። ለዓመታት ዝም ብለን በአንድ ጊዜ እጥፍ ስናደርገው ነው ደካማዋ የምትወድቀው። የጭማሪውን ገንዘብ መክፈል ላልቻለች ደግሞ የእናቶቻችን መንገድ ክፍት ነው፤ በእጇ ሙያ፣ በጽዳት ወይም በተራ ጥበቃ ታዋጣ። መዝገቡ ላይም «ከፍላለች» ተብሎ ይጻፍላት። ምሕረት እንደተደረገላት አይቆጠር።

ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ይባላል። ከሃምሳዎቹ አንዷ ከቀረች ግን የእርሷ ሎሚ በሌላዋ ላይ ይደረባል። ባለፈው ስብሰባ ሁለት ሆነን የተከራከርነው በዚህ ፍርሃት ነው፤ ፍርሃቱ የሁላችንም ነው። ስለዚህ ወደ ስብሰባው ስንመጣ ዝም ብለው የሚቀመጡትን፣ ከኋላ ያሉትን እህቶቻችንን አስቀድመን እንስማ። ሂሳቡን እነርሱ ከማናችንም ይልቅ ያውቁታል።

ቸር ይግጠመን።