ደጋንና ልጓም
በጋራዦቻችን ባሌስትራ እየተባለ የሚጠራው የመኪና አካል ስሙን እንደ ጎማና እንደ ፍሪሲዮን ሁሉ ከጣሊያንኛ የወረሰ ሲሆን፣ የቃሉም ጥንተ ትርጕም በቃታ የሚስፈነጠር የጦር ቀስት ነው። ተደራርበው የታሰሩት ጠፍጣፋ ብረቶች እንደ ደጋን ጐብጠው ስለሚታዩ ስሙ ለመልካቸው ይስማማል፤ ለጠባያቸው ግን ይበልጥ ይስማማል፤ ደጋን የተቀበለውን ኃይል መልሶ ይወረውራል እንጂ ውጦ አያስቀረውምና። ፒካፑን ከመሬት ከፍ ለማድረግ ሾክ አብዞርበር የሚመርጥ ሰው ነገሩን ከዚህ ቢጀምር ምርጫው ይቀናለታል።

ሞተር ሳይታሰብ፣ በ19ኛው መቶ ዓመት መባቻ፣ ኦባዲያ ኤሊየት የተባለ የለንደን ሠረገላ ሠሪ ጐባጣ ብረቶችን ጫፍ ለጫፍ አጋጥሞ የእንቁላል ቅርጽ ያለው ባሌስትራ ስላበጀ፣ ከሠረገላው ሥር ይጋደም የነበረው ከባድ ግንድ ቀረ፤ ተሳፋሪውም ከመንገዱ መንገጫገጭ ዐረፈ። በፈረስ እርምጃ ይህ ይበቃ ነበር፤ ብረቶቹ እርስ በርስ ሲፋተጉ ዝላዩን ያበርዱት ነበርና። ሞተር መጥቶ ፍጥነት በበረታ ጊዜ ግን ባሌስትራው ከአንዱ ጉድጓድ የተቀበለውን ግፊት መልሶ ሳይጨርስ ሁለተኛው እየደረሰበት፣ መኪናው እንደ ደንባራ ፈረስ መዝለል ጀመረ፤ ያን ጊዜ ደጋኑ ልጓም፣ ማለትም ሾክ አብዞርበር፣ አስፈለገው።

ፈረንሳዊው ዡል ትሩፎ አስቀድሞ በብስክሌት ላይ የሞከረውን መሣሪያ አሜሪካዊው ኤድዋርድ ሃርትፎርድ ለመኪና አውሎ በሀገሩ አስፋፋው፤ አሠራሩም እንደ መቀስ በተጋጠሙ ክንዶች መካከል ክብ ዝርጎችን በቡሎን አጥብቆ ማፋተግ ነበር። ደረቅ ፍትጊያ ግን ለትንሹም ለትልቁም እኩል ስለሚገትር በጥቃቅን ጠጠር ላይ መኪናውን ያደርቀዋል። ሌላው ፈረንሳዊ ሞሪስ ኡዳይ ስለዚህ ወደ ዘይት ዞረ፤ በጠባብ ቀዳዳ እንዲያልፍ የተገደደ ዘይት ለዝግተኛው እሺ ይላል፣ በኃይል ለመጣበት በኃይል ይቋቋመዋል፣ የዝላዩንም ጉልበት ወደ ሙቀት ለውጦ ያጠፋዋል። ነገር ግን በረጅም ኮረኮንች ላይ የጋለው ዘይት ከአየር ጋር ተንጦ አረፋ ሲሆን መግታት ይሳነዋል። ለዚህ ፈውስ ያገኘው ክርስቲያን ቡርሲዬ ደ ካርቦን ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1953 ዘይቱን በአንድ ቱቦ ውስጥ በታመቀ ጋዝ አስጨንቆ አረፋ እንዳይሆን ከለከለው፤ ቢልሽታይን የተባለው ኩባንያም በ1957 ይህንኑ ጥበብ ለመርሴዲስ ቤንዝ በብዛት ማምረት ጀመረ።

እ.ኤ.አ. በ1979 የወጣው ባለ አራት ጎማ ነጂ ቶዮታ ሃይሉክስ በፊትም በኋላም በባሌስትራ ላይ የቆመ ነበር፤ በኋላ የመጡት ከፊት ወደ ሌላ ሥርዓት ቢያልፉም፣ ጭነት የሚሸከመው የኋላ ወገን አሁንም የደጋን ልጅ ነው። እንግዲህ አምስት ሴንቲ ሜትር ከፍታ የሚሻ ሰው ይህን ይወቅ፤ ከፍታውን የሚሰጠው ባሌስትራው ወይም ሞላው ነው፣ ሾኩ ግን ለአዲሱ ቁመት የሚበቃ ርዝመትና ለጠነከረው ብረት የሚመጥን ኃይል ሊኖረው ይገባል። አሮጌውና አጭሩ ሾክ በቦታው ቢቀር፣ ጎማው ጉድጓድ ውስጥ በወረደ ቁጥር እስከ ጫፉ ተስቦ እየተመታ ያልቃል፤ ባዶውን ለሚሄድ መኪና የከባድ ጭነት ባሌስትራ የገጠመም ዝላይን በገንዘቡ ገዛ።

አንድ አረጋዊ መካኒክ መኪና ሲመረምር አይቻለሁ። አስቀድሞ በሾኩ ዘንግ ላይ ዘይት ያረጠበው አቧራ መኖሩን በጣቱ ዳሰሰ፤ ቀጥሎ የመኪናውን ጥግ በሁለት እጁ ተጭኖ ለቀቀው። መኪናው አንድ ጊዜ ብቻ ተነሣና ረጋ፤ መካኒኩም አንዳች ቃል ሳይናገር እጁን ጠረገ። የኤሊየት፣ የትሩፎና የደ ካርቦን ድካም ሁሉ በዚያች አንዲት ጸጥታ ውስጥ ነበረ።