በጅሮንድ ተክለ ሐዋርያትና አንቀጽ 32፤ ከጊሎ ወንዝ ዳር ሲመረመር

በሚሲዮን ትምህርት ቤት የአሜሪካን ታሪክ ስንማር የሄንሪ ክሌይን ስም ደጋግመን ሰምተናል። ይህ የኬንተኪ ጠበቃ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በ1811 ለተወካዮች ምክር ቤት ተመርጦ ሲገባ፥ ጉባኤው በተከፈተበት በመጀመሪያው ቀን ባልደረቦቹ አፈ ጉባኤ አድርገው ሾሙት። ሥልጣኑን ያገኘው ከመረጡት ሰዎች ነበር። በአገራችንስ ሕግ አውጪው ክፍል ሲመሠረት ሥልጣኑ ከማን ተገኘ? በዚህ አጭር ጽሑፍ ይህንን ጥያቄ የመጀመሪያውን ሕገ መንግሥት ባረቀቁት ሰው ሕይወት በኩል ለመመርመር እንሞክራለን።

ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም በ1876 ዓ.ም. በሸዋ ተወለዱ። በልጅነታቸው ወደ ሐረር ሄደው በራስ መኰንን ቤት አደጉ፤ ከራስ ጦር ጋርም ወደ ዐድዋ ዘመቱ። ከድሉ በኋላ ወደ ሩሲያ ተልከው ብዙ ዓመት ቆዩ፤ የመድፈኛንም ትምህርት ተማሩ። ወደ አገራቸው ከተመለሱ በኋላ በአማርኛ የመጀመሪያ የሚባለውን ዘመናዊ ተውኔት ጻፉ፤ ጨርጨርን አስተዳደሩ፤ የአሰበ ተፈሪን ከተማ ቈረቈሩ። በኋላም የገንዘብ ሚኒስትር ሆኑ።

የሕገ መንግሥቱን ረቂቅ ያዘጋጁት እርሳቸው ሲሆኑ፥ ሐምሌ 9 ቀን 1923 ዓ.ም. በተፈረመበትም ጊዜ ለመኳንንቱ ትርጓሜውን በንግግር ያስረዱት እርሳቸው ናቸው። ሕገ መንግሥቱ 55 አንቀጾች ነበሩት። ሁለት ምክር ቤቶችንም አቆመ፤ የሕግ መወሰኛና የሕግ መምሪያ። የመወሰኛውን አባሎች ንጉሠ ነገሥቱ ይሾማሉ። የመምሪያውን አባሎች ደግሞ፥ በአንቀጽ 32 እንደ ተደነገገው፥ ሕዝቡ ራሱ ለመምረጥ እስኪበቃ ድረስ መኳንንቱና የየአገሩ ሹማምንት ይመርጣሉ።

የዚህ ሕግ ዋና ምሳሌ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በ1889 የወጣው የጃፓን ሕገ መንግሥት እንደ ነበረ የታወቀ ነው። ነገር ግን አንድ ልዩነት መታለፍ የለበትም። የጃፓን የታችኛው ምክር ቤት ከመጀመሪያው በምርጫ የቆመ ነበር። እርግጥ ነው፥ የመምረጥ መብት የነበራቸው የተወሰነ ግብር የሚከፍሉ ወንዶች ብቻ ስለ ነበሩ፥ ቁጥራቸው ከሕዝቡ ከመቶ አንድ ያህል ነበር። ቢሆንም ምርጫ ነበር። በእኛ አገር ግን ምርጫው «እስኪበቃ ድረስ» በሚል ቃል ለሌላ ጊዜ ተላለፈ።

ይህን ቃል በፑኝዶ ሆነን ስናነበው ጥያቄ ያስነሣብናል። ፑኝዶ በጊሎ ወንዝ ዳር የምትገኝ የአኙዋ አገር ናት። በ1894 ዓ.ም. ከእንግሊዝ ጋር በተደረገው የወሰን ውል መሠረት የአኙዋ ሕዝብ በሁለት መንግሥታት ተከፍሎ፥ ጊሎ ወደ ኢትዮጵያ ገባ። በዚህ ሕዝብ ጥንታዊ ሥርዓት ኳሮ የሚባለው የመንደር አለቃ ትልቅ ክብር ነበረው፤ በፊቱ ሰው ጎንበስ ብሎ ያልፋል። ሆኖም ኳሮው ሕዝቡን ማብላትና ማጠጣት፥ ያለውንም ማካፈል ነበረበት። እጁን የሰበሰበ ወይም የከፋ እንደ ሆነ መንደሩ ተነሥቶ ያወርደውና ከዘመዶቹ ሌላውን በቦታው ያስቀምጣል። ይህም አጌም ይባላል። ኢቫንስ ፕሪቻርድ የተባለው እንግሊዛዊ ሊቅ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በ1940 ባሳተመው መጽሐፍ ይህንን ሥርዓት በሰፊው ገልጾታል።

እንግዲህ አጌም የዛሬው ዓይነት ምርጫ ነው አንልም። ተተኪው ከአለቃ ዘር መሆን ነበረበት፤ አንዳንድ ጊዜም ደም የሚፈስበት ነገር ነበር። ነገር ግን ገዢ በሕዝብ ፈቃድ እንደሚቆምና ፈቃዱ ሲጎድል እንደሚወርድ የሚያውቅ ሕዝብ «ለመምረጥ አልበቃም» ሊባል አይገባም ነበር። የጎደለው የሕዝቡ ብቃት ሳይሆን የመንግሥቱ ዕውቀት ይመስለናል፤ አዲስ አበባ ስለ ጊሎ መንደሮች የምታውቀው ጥቂት ነበርና።

ይህንን ስንል በጅሮንዱን ለመንቀፍ አይደለም። በዘር የወረሱት ሥልጣን በነበራቸው መኳንንት ፊት ቆሞ ስለ ሕግ ማስረዳት ቀላል ነገር አልነበረም። «እስኪበቃ ድረስ» የሚለው ቃልም ቢሆን ቀጠሮ ነው፤ ቀጠሮ ደግሞ ጠያቂ አያጣም። እርሳቸው በ1927 እና በ1928 ዓ.ም. በጄኔቭ የመንግሥታት ማኅበር ፊት ስለ ኢትዮጵያ ተከራከሩ፤ ከጠላት ወረራም በኋላ ብዙ ዘመን በስደት ኖሩ። በ1969 ዓ.ም. ዐረፉ። የሕይወት ታሪካቸውም በ1998 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ፕሬስ ታተመ።

ቀጠሮው የተፈጸመው በ1948 ዓ.ም. ሕገ መንግሥቱ ከተሻሻለ በኋላ ነው፤ የመምሪያው ምክር ቤት አባሎች በሕዝብ ድምፅ የተመረጡት በ1950 ዓ.ም. መጀመሪያ ነበር። ያን ጊዜም ቢሆን ተወዳዳሪው በምርጫ ክልሉ ንብረት ያለው እንዲሆን ይፈለግ ነበር። መሬት የመንደሩ ሁሉ በሆነበት አገር ይህ ምን ማለት እንደ ሆነ አንባቢ ይፍረድ።

ስለዚህ የሕግ ታሪካችንን የምናጠና ተማሪዎች በአዲስ አበባ የተጻፈውን አንቀጽ ብቻ ሳይሆን፥ አንቀጹ «አልበቃም» ያለው ሕዝብ በገዛ መንደሩ ምን ያደርግ እንደ ነበር አብረን መጠየቅ ይገባናል። ያን ከሚያስታውሱ ሽማግሌዎች መካከል በሕይወት ያሉት ጥቂቶች ናቸው። እነርሱ ሳያልፉ ሄደን እንጠይቃቸው።