የቃፍ ሁለት መንገዶች፦ በገዳሪፍና በመተማ ድንበር የንግግር ድምፅ እንደ ታሪክ ምስክር

ከጎንደር ወደ ምዕራብ ወርዶ፣ መተማን አቋርጦ ወደ ሱዳን የሚዘልቀው የነጋዴ መንገድ የሚያደርሰው ትልቅ ከተማ በአማርኛ ገዳሪፍ ይባላል። የከተማው ስም በዐረብኛ ሲጻፍ ግን፣ አመልካቹ «አል» ሲነሣ፣ የሚጀምረው በጋፍ ወይም በጂም ሳይሆን በቃፍ ነው። ፊደሉን ብቻ የሚከተል ጸሐፊ ቀዳሪፍ ወይም ቃዳሪፍ ሊል ይገባዋል፤ እንዲህ የሚጽፉም አሉ፤ ትክክለኛው አጻጻፍ ይህ ነው ብለው የሌላውን የሚያርሙም አይጠፉም። እርማቱ ግን ከፊደል ጋር ሲስማማ ከታሪክ ጋር ይጣላል። በ«ገ» እና በ«ቀ» መካከል ያለው ልዩነት የፊደል ምርጫ ብቻ አይደለም፤ ስሙ በጆሮ ተሰምቶ መጣ ወይስ ከወረቀት ላይ ተነብቦ መጣ ለሚለው ጥያቄ መልስ ይሰጣል።

በአማርኛ ግ እና ቅ የሚፈጠሩበት ቦታ አንድ ነው፤ ለሁለቱም የምላስ ጀርባ ተነሥቶ ትናጋን ይዘጋል። የሚለያዩት በጉሮሮ ሥራ ነው። ግ ሲነገር የድምፅ አውታሮች ይርገበገባሉ፤ ስለዚህም ነዛሪ ይባላል። ቅ ሲነገር ግን አውታሮቹ ጥብቅ ብለው ይዘጋሉ፤ በታችኛውና በላይኛው መዝጊያ መካከል የታፈነው አየር ይጨመቅና በድንገት ይለቀቃል፤ ፈንጂ መባሉም ከዚህ የተነሣ ነው። ልዩነቱ ትርጉም ይለያል፦ «ገባ» ሌላ፣ «ቀባ» ሌላ። ኒኮላይ ትሩቤትስኮይ እ.ኤ.አ. በ1939 በታተመው የፎኖሎጂ መጽሐፉ እንዳስረዳው፣ ሰው የባዕድ ቋንቋን የሚሰማው በራሱ ቋንቋ ንጥረ ድምፆች ወንፊት አጣርቶ ነው። የአማርኛ ተናጋሪ ወንፊት ደግሞ ግ እና ቅን አበጥሮ የሚለይ ነው። እንዲህ ያለ ጆሮ ያለው ሰው «ገዳሪፍ» ካለ፣ የሰማው ድምፅ ነዛሪ ስለ ነበረ ነው።

በሱዳን የሕዝብ ዐረብኛ ቃፍ ግ ተብሎ ይነገራል። ይህን እንደ ብልሽት የሚቆጥሩ አንባቢዎች ጥቂት አይደሉም፤ ነገር ግን በ8ኛው መቶ ዓመት የኖረው የዐረብኛ ሰዋስው ሊቅ ሲበወይህ ቃፍን የመደበው ዛሬ ነዛሪ ከሚባሉት ድምፆች ጋር ነው። ኢብን ኸልዱንም በ14ኛው መቶ ዓመት የዘላን ዐረቦችን ቃፍ አንሥቶ ከከተሜው አነጋገር የተለየ መሆኑን ጽፏል፤ ጥንታዊ አነጋገር አድርጎም ቆጥሮታል። እንግዲህ በቡታና ሜዳ ከብትና ግመል እያረቡ የኖሩት የሹክሪያ ዐረቦች ይዘውት የመጡት ድምፅ የቆየ የዘላን ቅርስ ነው። ገዳሪፍ ራሷ በሹክሪያ መሪዎች ቤተሰብ ስም ሱቅ አቡ ሲን ትባል እንደ ነበር የታወቀ ነው። በሱዳን በተማረ ሰው አንደበት ከመጽሐፍ የመጡ ቃላት ውስጥ ያለው ቃፍ ብዙ ጊዜ ወደ ጘይን ይጠጋል፤ ስለዚህ ግ የሚለው አነገጋገር የገበያው፣ የጉድጓድ ውኃውና የግመል ጓዙ እንጂ የመስጊድ ትምህርት ቤቱ አይደለም።

ገዳሪፍ ብቻዋን አይደለችም። ጋላባት በዐረብኛ በቃፍ ይጻፋል። በደጋው መረብ የሚባለው ወንዝ ወደ ከሰላ ሲወርድ ጋሽ ይሆናል፤ እርሱም በቃፍ ነው። በአትባራ ወንዝ ላይ ያለችው የኸሽም ኤል ጊርባ «ጊርባ» ደግሞ የውኃ አቁማዳ የሚለው የዐረብኛ ቃል ነው፤ በቃፍ ይጻፋል። ሁሉም ወደ አማርኛም ሆነ ወደ አውሮፓ ቋንቋዎች የገቡት በ«ግ» ነው፤ ማለትም ካርታ ሠሪውም ነጋዴውም የሰሙት ከአንድ ዓይነት አፍ ነው።

ሆኖም በስም ውስጥ ያለ «ግ» ሁሉ ከዘላን ቃፍ የመጣ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1902 በአፄ ምኒልክና በእንግሊዝ መካከል የተፈረመው የድንበር ውል በእንግሊዝኛው ቅጂ መስመሩን ከኾር ኡም ሀገር ወደ ጋላባት ይወስዳል። በአንድ ዐረፍተ ነገር ውስጥ ሁለት «ግ» አለ፤ ምንጫቸው ግን ለየቅል ነው። የጋላባት «ግ» በቦታው ከተሰማው ቃፍ የመጣ ነው። የ«ሀገር» ግን በዐረብኛ ጂም ነው፤ በአካባቢው የሚኖሩት ሰዎች ቦታውን የሚጠሩት ኦምሐጀር ብለው ነው። ጂምን ግ አድርጎ የሚያነብ የካይሮ ሰው ነው፤ የሱዳን ሰው አይደለም። ውሉ በተፈረመበት ዘመን የሱዳን አስተዳደር ከግብፅ ሠራዊትና ከግብፅ ጽሕፈት ቤቶች ጋር የተቆራኘ ስለ ነበር፣ ይህ አጻጻፍ በግብፃዊ ንባብ ወይም በግብፅ የአጻጻፍ ልማድ በኩል ያለፈ ይመስላል። አንዱ ስም ከድንበሩ አፈር፣ ሌላው ከቢሮ ተነሥቶ በአንድ መስመር ላይ ተገናኙ። የድንበር ስሞችን ለክርክር የሚጠቅሱ ሰዎች ይህን ሳያጣሩ ፊደልን በፊደል ማመሳከራቸው አደገኛ የሚሆነው ለዚህ ነው።

ተቃራኒ ምስክር የሚሆን ቃልም አለ። አማርኛ ገበያንና መደብርን «ሱቅ» ይላል፤ በገዳሪፍ ግን ይኸው ቃል «ሱግ» ነው። ከጎንደር እስከ ስናር የሚመላለሱት ጀበርቲ ነጋዴዎች በየዕለቱ የሚሰሙት «ሱግ» ሆኖ ሳለ አማርኛ ለምን በቅ ጸና? አንደኛው መልስ ቃሉ በሌላ በር፣ ቃፍን ሳይነዝር በሚናገር የቀይ ባሕር ዐረብኛ በኩል ገባ የሚል ነው። ሁለተኛው ደግሞ ቁርኣን የቀራ ነጋዴ የ«ሱግ» ግ በጽሑፍ ቃፍ መሆኑን ስለሚያውቅ ራሱ ወደ ቅ መለሰው የሚል ነው። ሁለተኛው ግምት ጠንካራ ነው፤ ሁለት ቋንቋ የሚያውቅ ሰው የድምፅ ልውውጥ ሕግን ሳይማረው ይሠራበታልና። የቦታ ስም ግን በትምህርት ስለማይመለስ እንደ ተሰማ ይቀራል። ስለዚህ ለታሪክ ጸሐፊ ከተራ ቃል ይልቅ የቦታ ስም የታመነ ምስክር ነው።

ከሁሉ የበለጠ የሚያስተምረው ግን የዳኛ ስም ነው። ሳሙኤል ቤከር እ.ኤ.አ. በ1862 ጋላባት ሲደርስ ከተማዋን ይዘው ያገኛቸው ከዳርፉር የመጡ ተክሩሮች ነበሩ፤ ለግብፅም ለኢትዮጵያም ይገብሩ ነበር። በኋላም ከምዕራብ አፍሪካ፣ በተለይም ከሐውሳና ከፉላኒ አገር፣ ወደ መካ የሚያልፉ ሐጃጆች በገዳሪፍ ዙሪያ እየሰፈሩ ቀርተዋል። እንግዲህ በአንድ ገበያ ሦስት ሰዎች የሸሪዓ ዳኛን ሲጠሩ፣ ሱዳናዊው «ጋዲ»፣ የጎንደሩ ሙስሊም «ቃዲ»፣ ሐውሳው «አልቃሊ» ይላል። ሐውሳ እንደ አማርኛ ሁሉ ፈንጂ ቅ ስላለው ቃፍን በእርሱ ተክቷል፤ በሩቅ ዝምድና ብቻ የሚገናኙ ሁለት ቋንቋዎች አንድ መፍትሔ አገኙ። በዳድ ላይ ግን ተለያዩ። አማርኛ በተራ ድ ሲቀበለው ሐውሳ ል አደረገው። ሲበወይህ ዳድን ሲገልጽ አየር በምላስ ጎን የሚያልፍበት ድምፅ አድርጎ ነው፤ የስፔንኛው «አልካልዴ»ም ከዚሁ ከቃዲ ወጥቶ በውስጡ ል ይዟል። ስለዚህ የሐውሳው «አልቃሊ» ከሱዳን ዐረብኛ የተገኘ ሊሆን አይችልም፤ ሐጃጁ ከምዕራብ ሲነሣ የሕጉን ቃል አብሮ ይዞት መጥቷል። ተክሩር በዐባይ ዳር እስልምናን ተማረ የሚል አሳብ ካለ ይህች አንዲት ል ብቻዋን ታከራክረዋለች።

ጣእም እንዲሁ በየአፉ ተከፍሏል። አማርኛ በፈንጂ ጥ ይቀበለዋል፤ ሱልጣንና ሻንጣ ለዚህ ምሳሌ ናቸው። ሐውሳ አየርን ወደ ውስጥ እየሳበ በሚናገረው ድ ይተካዋል፤ ተማሪን «ዳሊቢ» የሚለው ከዐረብኛው ጣሊብ ነው። ከሰላን አልፎ የሚነገረው ቤጃ ፈንጂ ድምፅ ስለሌለው የምላስን ጫፍ ወደ ኋላ አጥፎ በሚያወጣው ት ይጠቀማል፤ ሔርማን አልምክቪስትና ሊዮ ራይኒሽ በ19ኛው መቶ ዓመት መጨረሻ ባሳተሟቸው የቤጃ ሰዋስውና መዝገበ ቃላት ውስጥ ይህ ድምፅ ለብቻው ምልክት ተሰጥቶት ይገኛል። በመተማና በቋራ ቆላ የሚነገረው ጉሙዝኛ ደግሞ ፈንጂዎቹንም አየር የሚስቡትንም ድምፆች በአንድነት ይዟል። ይህን የሚያህል የድምፅ ሀብት በአንድ የቀን ገበያ ሲገናኝ የዐረብኛውም የግዕዙም ፊደል ለመመዝገብ ይጠብባል።

የግዕዝ ፊደል ሌላም ጉድለት አለው። «ጋላባት» ሲጻፍ የላ መጥበቅ አይታይም፤ ስሙን ሰምቶ የማያውቅ አንባቢ አላልቶ ያነበዋል። በደጋው ጓንግ የሚባለው ወንዝ ታች ሲወርድ አትባራ ይሆናል፤ በዐረብኛ በዐይንና በጣእ የሚጻፍ ስም ነው። አማርኛ አ እና ዐን በፊደል እንጂ በድምፅ ስለማይለይ ዐይኑ ጠፍቷል። የትግርኛና የትግረ ተናጋሪ ግን ዐይንን በቋንቋው ስለሚያውቀው ስሙን ከአማርኛ ተናጋሪ ይልቅ ለሱዳናዊው አቀራርቦ መጥራት ይችላል።

ይህ ልዩነት በመዝገብ ላይ ኑሮን ይነካል። ኡም ራኩባ ላይ በ1980ዎቹ (እ.ኤ.አ.)፣ ከዚያም ከኅዳር 2013 ጀምሮ፣ ከኢትዮጵያ የተሰደዱ ሰዎች ተጠልለዋል። በዐረብኛ ፊደል የሚጻፍ የኢትዮጵያ ስም ለጭ እና ለጵ ፊደል አያገኝም፤ ጫኔ በሺን ወይም በጂም፣ ጴጥሮስ በባእ መጻፍ አለበት። ወርቅነሽ በካፍ ብትጻፍ ፈንጂው ይቀራል፤ በቃፍ ብትጻፍ ደግሞ ሱዳናዊው አንባቢ «ወርግነሽ» ብሎ ሊጠራት ይችላል። እናት በአንድ ጊዜ በካፍ፣ ልጅ በሌላ ጊዜ በቃፍ ቢመዘገቡ፣ ሁለቱ ወረቀቶች የአንድ ቤተሰብ መሆናቸውን ለማስረዳት የሚቆመው ሰው መጀመሪያ ማስረዳት ያለበት በዐረብኛ ሁለት የሆነው ፊደል በወርቅነሽ አፍ አንድ ቅ መሆኑን ነው።